ያለ ጋብቻ አብረው የኖሩ ሰዎች ሲለያዩ ቤታቸው እንዴት ይከፈላል?

በየቁምስናው ለሚያገለግሉ ካቴኪስቶች ከምእመናን የሚቀርቡት ጥያቄዎች ስለ ጸሎትና ስለ ምሥጢራት ብቻ አይደሉም። ትምህርቱ አልቆ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀርታ ነጠላዋን እያስተካከለች በዝቅተኛ ድምፅ የምታቀርበው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ስለ ቤት ነው። «ከእርሱ ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ቤቱን የሠራነው አብረን ነው። አሁን ተለያይተናል። ሠርግ ስላልነበረን ‹ሚስቴ አይደለሽም፤ ካርታውም በእኔ ስም ነውና ባዶ እጅሽን ውጪ› ይለኛል። እውነት ምንም የለኝም?» ትላለች። ቤቱ በሴቲቱ ወይም በእናቷ ስም የተመዘገበ ሲሆን ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ የሚያቀርበው ወንዱ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በሽምግልና የተቀመጡ ሰዎች የሚሰጡት መልስ አንዳንድ ጊዜ እጅግ ያሳዝናል። «መጀመሪያውኑ ያለ ተክሊል የተጀመረ ኑሮ ምን ክፍያ አለው? ተዪው፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብለው የሚያሰናብቱ አሉ። ይህ አነጋገር መንፈሳዊ ይምሰል እንጂ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ሆነ ከሀገራችን ሕግ ጋር አይስማማም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው ይህንኑ ነው።

ስለ ኑሮው የምናስተምረውና ስለ ቤቱ የምንፈርደው

ቤተ ክርስቲያን ያለ ምሥጢረ ተክሊል አብሮ መኖርን እንደማትቀበል ሁላችንም እናውቃለን፤ ካቴኪስቶችም ይህንን ሲያስተምሩ ኖረዋል፣ ወደፊትም ያስተምራሉ። ይሁን እንጂ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ስለ ቤተሰብ ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር እንደዚህ ያለውን ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ በአንድ ምክንያት እንዳልገቡበት፣ ድህነት፣ አለማወቅና የአካባቢው ሁኔታ የገፋቸው እንዳሉ አመልክተዋል። በእኛም ዘንድ የሠርጉ ወጪ ከብዶአቸው፣ «ዘንድሮ አይደለም፣ ለከርሞ» እያሉ ልጅ ወልደው፣ ልጅ አስተምረው፣ ሳይጋቡ ያረጁ ስንቶች ናቸው!

ኑሮው ያለ ተክሊል መሆኑ ግን የአንዱን ላብ ለሌላው አያወርስም። ሰባተኛው ትእዛዝ የተሰጠው ለተጋቡ ሰዎች ብቻ አይደለም። የሌላውን ገንዘብና ድካም ይዞ የቀረ ሰው መመለስ አለበት የሚለው ትምህርት ባለ ዕዳውንና ባለ ገንዘቡን «ተጋብታችኋል ወይስ አልተጋባችሁም?» ብሎ አይጠይቅም። ዘኬዎስ ከቀረጣቸው ሰዎች አብዛኞቹን በስም እንኳ ባያውቃቸው፣ የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገብቶአል። ዐሥራ አንድ ዓመት በአንድ ማዕድ የቀረቡ ሁለት ሰዎች እንዴት ከዚያ ባነሰ ፍትሕ ይለያያሉ?

አንዳንድ ካቴኪስቶች በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለውን ታሪክ ያስታውሳሉ። አንድ ሰው ወንድሙ ርስቱን እንዲያካፍለው ይነግርለት ዘንድ ጌታን ሲለምነው፣ ጌታ አካፋይ ለመሆን አልፈቀደም። ስለዚህ «እኛም በንብረት ጉዳይ አንገባም» ይላሉ። እኛ ግን ታሪኩን እንዲህ አናነበውም። ጌታ ዳኛ ለመሆን ባይፈቅድም፣ ወዲያው ስለ መጎምጀት አስጠንቅቆአል። ካቴኪስትም ዳኛ አይደለም፤ የፍርድ ቤቱን ሥራ መያዝ አይገባውም። ነገር ግን ለተጠየቀው ነገር እውነቱን መናገርና የደካማው ወገን ድርሻ በዝምታ እንዳይዋጥ መጠበቅ ይችላል። ለዚህም ሕጉን በመጠኑ ማወቅ ያስፈልገዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን የሚያውቀው ቢሆንም፣ ከዚህ ኑሮ የጋራ ንብረት እንደማይፈጠር ደንግጎ ነበር። «ሚስት አይደለሽምና ምንም የለሽም» የሚለው አነጋገር ሥሩ ከዚያ ዘመን ሳይሆን አይቀርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህንን ለውጦታል። በአዋጁ አንቀጽ 102 መሠረት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው ከኖሩ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል። ስለ ባልና ሚስት የግልና የጋራ ንብረት የተጻፉት ደንቦችም ለእነርሱ ያገለግላሉ።

ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ኦሮሚያን፣ አማራንና ትግራይን የመሰሉ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ፣ በክልል ያሉ አንባብያን የጊዜውን ልክና ዝርዝሩን በአካባቢያቸው ፍርድ ቤት ወይም ከሕግ ባለሙያ መጠየቅ አለባቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው የፌዴራሉን አዋጅ ነው።

እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር ማለት ምን እንደሆነ ሕጉ ለይቶ አስቀምጦታል። የሁለቱ አኗኗር የተጋቡ ሰዎችን አኗኗር የሚመስል መሆን አለበት፤ በአንድ ቤት ማደር፣ ወጪን መጋራት፣ በሐዘንና በደስታ አብሮ መታየት የዚህ ምልክቶች ናቸው። «ተጋብተናል» ብለው ለሰው መናገራቸው ግዴታ አይደለም። በሌላ በኩል፣ የሥጋ ግንኙነት ብቻ፣ ተደጋጋሚና በሰው ዘንድ የታወቀ ቢሆንም እንኳ፣ ለዚህ አይበቃም። በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ የሚያድር ወዳጅ የቤት ተካፋይ ነኝ ቢል አይሰማም።

ታዲያ ይህ ኑሮ እንዴት ይረጋገጣል? የጋብቻ ምስክር ወረቀት እንደማይኖር ግልጽ ነው። ጎረቤቶችና ዘመዶች ይመሰክራሉ። ከሰው ምስክርነት የሚጠነክረው ግን ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት የተጻፈ ወረቀት ነው። ሁለቱም የተመዘገቡበት የእድር መዝገብ፣ የቀበሌ ወይም የወረዳ የቤተሰብ ቅጽ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የሆስፒታል ካርድ፣ አንዱ ለሌላው ዋስ የሆነበት የብድር ውል፣ ሁሉም ይጠቅማሉ። እዚህ ላይ ቁምስናዎቻችንን የሚመለከት አንድ ነገር እናንሣ። የጥምቀት መዝገብ የአባትንና የእናትን ስም፣ ቀኑንም ይዞአል። የመጀመሪያው ልጅ ከተጠመቀበት ቀን ጀምሮ ሁለቱ አብረው ይኖሩ እንደነበረ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ከተለያዩት ወገኖች አንዱ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ሲጠይቅ ቆሞሱ «ለክርክር ከሆነ አንሰጥም» ማለት አይገባውም። መዝገቡ የያዘውን፣ ምንም ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ ጽፎ መስጠት ለአንዱ ማድላት አይደለም።

ካርታው በማን ስም ነው?

ብዙ ሰው ቤት የሚሆነው ካርታው ላይ ስሙ ላለው ሰው ብቻ ይመስለዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በጋራ ኑሮ ዘመን የተገኘ ንብረት፣ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የማስረዳት ሸክም ያለበት «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው። ከአብሮ መኖሩ በፊት የነበረ፣ ወይም ከዚያ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣ ንብረት የግል ነው። ከደመወዝ፣ ከንግድ፣ ከእርሻ ወይም ከጉልት ገበያ የተገኘ ገንዘብ ግን የጋራ ነው። እንጀራ ጋግራ የሸጠችውም፣ ቢሮ ውሎ የተከፈለውም እኩል ይቆጠራሉ። ገቢ ሳይኖራት ቤት ስትይዝና ልጅ ስታሳድግ የኖረችውም ድርሻዋ ግማሽ እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው የተለያዩትስ? እነዚህ የቤተሰብ ሕጉ የሚሰጠውን ግምት አያገኙም፤ እያንዳንዱ ያወጣውን በማስረጃ ማሳየት አለበት። ካርታው ወይም የግዢው ውል በሁለቱም ስም ከሆነ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ጋራ ባለቤትነት የተጻፈው ይሠራል፤ ሌላ ማስረጃ ካልቀረበ ድርሻቸው እኩል እንደሆነ ይገመታል። ስሟ የሌለበት ቤት ሲሠራ ገንዘቧን ያወጣች ሴትም፣ ሌላው በእርስዋ ገንዘብ አላግባብ እንደበለጸገ አስረድታ ያወጣችውን መጠየቅ ትችላለች። በዚህ ጊዜ የሚያድናት ደረሰኝ ነው፤ የሲሚንቶና የቆርቆሮ መግዣ ደረሰኝ፣ ዕቁብ የደረሳት ቀን የተጻፈበት ደብተር፣ የባንክ መዝገብ።

ይህ በተለይ በዓረብ ሀገሮች ሠርተው ገንዘብ ለላኩ እኅቶቻችን መነገር ያለበት ነው። ከመሄዳቸው በፊት አብረውት ይኖሩ ለነበረው ሰው በየወሩ ገንዘብ ልከው፣ ሲመለሱ ቤቱ በእርሱ ወይም በወንድሙ ስም ተሠርቶ የሚያገኙ አሉ። በስደት ላይ ሳሉ ያለፈው ጊዜ እንደ አብሮ መኖር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው አከራካሪ ስለሚሆን፣ ጉዳያቸው በሐዋላ ወረቀቱ ላይ ይቆማል። ወረቀቱን የጣሉ ከላኩበት ድርጅት ወይም ከባንኩ ቅጂ ለመጠየቅ አይዘግዩ።

አንድ ከባድ ጉዳይ ደግሞ አለ። ከሁለቱ አንዱ ሌላ ቦታ በሕግ ያገባና ጋብቻው ያልፈረሰ ከሆነ፣ የሕጋዊዋ ሚስት ወይም የሕጋዊው ባል መብት በዚያ ቤት ላይ ሊኖር ይችላል። ይህንን በሽምግልና ለመጨረስ መሞከር ሦስተኛውን ሰው ሳይሰሙ መፍረድ ነው፤ ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ።

ቤቱ ምን ዓይነት ነው?

ክፍፍል ከመነሣቱ በፊት ቤቱ የሚከፈል መሆኑ መታወቅ አለበት። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ ወዲህ በእነዚህ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ተከራዮች ናቸው፤ ሊነጋገሩ የሚችሉት ማን ይቆያል፣ ማን ይወጣል በሚለው ላይ እንጂ በባለቤትነቱ ላይ አይደለም። ካርታ የሌለው፣ ሕዝቡ «ጨረቃ ቤት» የሚለው ደግሞ፣ ገንዘብና ላብ የፈሰሰበት ቢሆንም በሕግ ፊት ዋስትናው ደካማ ነው። እንደዚህ ያለ ቤት ያላቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው ቢስማሙ ለሁለቱም ይበጃል።

በአዲስ አበባ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው የጋራ መኖሪያ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ነው። በ1997 ዓ.ም. ወይም በ2005 ዓ.ም. ብቻውን የተመዘገበ ሰው፣ ዕጣው ሲወጣለት ከሌላ ሰው ጋር ይኖር ይሆናል። «የተመዘገብኩት ካንቺ ጋር ሳልተዋወቅ ነው» ይላል፤ እርስዋ ደግሞ «ሃያ በመቶውን የከፈልነው፣ የባንኩንም ዕዳ በየወሩ ስንከፍል የኖርነው አብረን ነው» ትላለች። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ካቴኪስቱ እዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት አይቸኩል። የተመዘገበበትን፣ ዕጣው የወጣበትን፣ ውል የተፈረመበትንና ክፍያው የተፈጸመበትን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ በተራ ያስጽፍ፤ ከእያንዳንዱም አጠገብ ሁለቱ በዚያ ቀን አብረው ይኖሩ እንደነበረ ይጻፍ። ብዙ ክርክር በዚህች አንድ ወረቀት ሲበርድ እናያለን፤ የቀረውን ዳኛ ያየዋል። የባንክ ብድሩ ካላለቀ ቤቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ስም የሚዛወረው ባንኩ ሲያውቀውና ሲፈቅድ ብቻ እንደሆነም አይዘንጋ። እነዚህ ቤቶች ለተወሰኑ ዓመታት እንዳይሸጡ የሚከለክል ግዴታ ያለባቸው ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ «ሸጣችሁ ተካፈሉ» ከማለት በፊት ውሉ ይነበብ።

በገጠር መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። የይዞታው ነገር በየክልሉ የመሬት ሕግ ስለሚታይ፣ በላዩ የተሠራው ቤትና የተተከለው ተክል ተለይቶ ይቆጠራል።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ምሳሌ እንሂድ። ሁለት ሰዎች ዐሥራ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ እንበል። በአራተኛው ዓመት በማኅበር ተደራጅተው ቦታ አገኙ፤ ካርታው በወንዱ ስም ወጣ። ቤቱን ሲሠሩ እርሱ ከደመወዙ 220,000 ብር፣ እርስዋ ከዕቁቧ 180,000 ብር አወጡ። ከቁጠባና ብድር ማኅበር 100,000 ብር ተበደሩ፤ ከዚህ ውስጥ 40,000 ብር ገና አልተከፈለም። በተጨማሪም እርስዋ ከእናቷ የወረሰችውን ወርቅ ሸጣ 60,000 ብር ለጣራውና ለበሩ አውላለች፤ ይህንን እርሱም ያምናል። ዛሬ ቤቱ 1,400,000 ብር ያወጣል።

ሽማግሌዎች እዚህ ላይ ሲሳሳቱ ብዙ ጊዜ አይተናል። «አንተ 220፣ እርስዋ 180 አውጥታችኋል፤ ያወጣችሁትን ተመላለሱ» ይላሉ። ይህ ሁለት ጊዜ ያጎድላል። አንደኛ፣ ደመወዙም ዕቁቡም የጋራ ገንዘብ ስለሆነ ልዩነቱ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ የሚካፈለው ከዓመታት በፊት የወጣው ወጪ ሳይሆን ቤቱ ዛሬ የሚያወጣው ዋጋ ነው። ወጪዋን ብቻ ተቀብላ የምትሄድ ሴት፣ በዚያ ገንዘብ ዛሬ አንድ ክፍል እንኳ አታሠራም፤ ቤቱን ይዞ የሚቀረው ግን ጭማሪውን ሁሉ ብቻውን ይወስዳል።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። በመጀመሪያ የጋራ ዕዳ ይቀነሳል፤ ከ1,400,000 ላይ 40,000 ሲነሣ 1,360,000 ብር ይቀራል። ቀጥሎ የግል መሆኑ የታመነው ይመለሳል፤ የወርቁ 60,000 ሲነሣ 1,300,000 ብር ይሆናል። ይህ እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 650,000 ብር ይደርሰዋል። ስለዚህ የእርሱ ድርሻ 650,000፣ የእርስዋ ደግሞ ከወርቁ ጋር 710,000 ብር ነው። (በእውነቱ ያን ጊዜ 60,000 ብር የገዛው ወርቅ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ወርቅ ቤት ጠይቆ መስማማት የበለጠ ፍትሐዊ ነው እንላለን፤ ሁለቱ ከፈቀዱ የሚከለክላቸው የለም።) እርሱ ወርቁን ቢክድና እርስዋም ማስረጃ ባይኖራት ግን 1,360,000 ብሩ እኩል ይከፈላል፤ 60,000 ብሩ የግልዋ መሆኑን ማስረዳት የእርስዋ ሸክም ነውና።

ግምቱን የሚሠራው ሁለቱ የተስማሙበት አንድ መሐንዲስ ቢሆን መልካም ነው። እያንዳንዱ የየራሱን ገማች ሲያመጣ አንዱ ሰማይ፣ ሌላው ምድር ይሆናል፤ ገንዘቡም ለገማቾች ያልቃል።

ድርሻው ከታወቀ በኋላ አከፋፈሉ ይመጣል። ግቢው ሰፊ ከሆነና የከተማው ደንብ ከፈቀደ ቤቱን በዓይነት መክፈል ይቻላል። ነገር ግን በአንድ በር የሚገቡ፣ በአንድ ሽንት ቤትና በአንድ የውኃ ቆጣሪ የሚጠቀሙ የተጣሉ ሰዎችን በአንድ ግቢ ማስቀመጥ ጠቡን ከቤት ጋር ማከራየት ነው። ሌላው መንገድ አንዱ ቤቱን ወስዶ ለሌላው ድርሻውን በገንዘብ መክፈል ነው። በምሳሌያችን እርሱ ቢወስደው የማኅበሩን ዕዳ ተቀብሎ ለእርስዋ 710,000 ብር ይሰጣል፤ እርስዋ ብትወስደው ዕዳውን ተቀብላ ለእርሱ 650,000 ብር ትሰጣለች። ልጆቹ ከእርስዋ ጋር የሚቀሩ ከሆነ ቤቱን እንድትወስድ ዕድሉ በቅድሚያ ቢሰጣት ደግ ነው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልተገኘ በየስንት ጊዜው እንደሚከፈልና ካልተከፈለ ምን እንደሚሆን ተጽፎ፣ የስሙ ዝውውር የመጨረሻው ክፍያ እስኪፈጸም ሊቆይ ይችላል። ይህ ሁሉ ካልሆነ ቤቱ በስምምነት ይሸጣል። በስምምነት መሸጥም ካልቻሉ ፍርድ ቤት በሐራጅ ያሸጠዋል። ለሐራጅ የቀረበ ቤት ብዙ ጊዜ ከገበያው ባነሰ ዋጋ እንደሚሄድ ሁለቱም አስቀድመው ቢረዱ፣ በሽምግልናው ጠረጴዛ ላይ ልባቸው ይለሰልስ ነበር።

አብርሃምና ሎጥ መሬት አልበቃ ብሎአቸው ሲለያዩ፣ ታላቁ አብርሃም ምርጫውን ለታናሹ ሎጥ ሰጥቶአል። ሽማግሌዎች ይህንን ታሪክ ተጠቅመው አንዱ ዋጋውን እንዲወስን፣ ሌላው ደግሞ «በዚህ ዋጋ ልውሰድ ወይስ ልልቀቅ?» ብሎ እንዲመርጥ ቢያደርጉ ዋጋ ማዛባት ይቀራል። ለመምረጥ ግን ሁለቱም ለመግዛት የሚያስችል አቅም ሊኖራቸው ይገባል፤ አቅሙ የአንዱ ብቻ ሲሆን ይህ ዘዴ ደካማውን ይጎዳል።

ስምምነቱ ከተደረሰ በኋላ በጭብጨባና በምርቃት ብቻ አይለያዩ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው መሥሪያ ቤት ፊት ካልተመዘገበ ነገ ዋጋ አይኖረውም። በሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ ወረቀት ይዘው ዓመታት ከቆዩ በኋላ፣ ስሙ ያልተዛወረው ቤት ለሌላ ሰው ተሸጦ ያገኙ ሰዎች አሉ።

ልጆችና ሞት

የልጆች ቀለብ ከቤቱ ክፍያ ጋር አይደባለቅ። «ቤቱን ትቼላታለሁና ቀለብ አልሰጥም» የሚል አባት የእርስዋን ድርሻ ለልጆቹ ዕዳ እየከፈለበት ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች ከጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ደንግጎአል፤ ቀለባቸውም በወላጆቻቸው የቤት ሒሳብ አይቻቻልም።

ከመለያየታቸው በፊት አንዱ ከሞተ ደግሞ፣ በሕይወት የቀረው ሰው በኑዛዜ ካልተሰጠው በስተቀር የሟቹ ወራሽ አይደለም። ሆኖም ሊወርስ አለመቻሉ የራሱን ግማሽ አያሳጣውም። የሟች ዘመዶች ከተዝካር በኋላ መጥተው «የወንድማችን ቤት ነው፣ ልቀቂ» ሲሉ፣ የሚወርሱት የሟቹን ድርሻ ብቻ እንደሆነ ማወቅ አለባቸው፤ ልጆች ካሉትም እነርሱ ከወንድሞችና ከእኅቶች ይቀድማሉ። እርስዋም ከቤት ወጥታ ለመከራከር ከመሞከር ይልቅ፣ በዚያው ሆና ማስረጃዋን ይዛ ወደ ፍርድ ቤት ብትሄድ ይሻላታል።

ለውይይት

ካቴኪስቶች በወር ስብሰባቸው የሚከተሉትን ሁለት ጉዳዮች እንዲነጋገሩባቸው እናቀርባለን።

ሁለት ሰዎች ሁለት ዓመት ከአራት ወር አብረው ኖረው ተለያዩ። ቤቱ በሴቲቱ ስም ተገዝቶአል፤ ወንዱ ግን ወለሉን በገዛ እጁ ሊሾ አድርጎአል፣ የአጥሩንም ድንጋይ ገዝቶአል። ደረሰኝ ያለው ለድንጋዩ ብቻ ነው። በሕግ ምን ሊጠይቅ ይችላል? እርስዋ በኅሊናዋ ምን ልትመልስ ይገባታል? የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አንድ ነውን?

ሌሎች ሁለት ሰዎች ዐሥራ አራት ዓመት አብረው ኖረው በሽምግልና ላይ ሳሉ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ተክሊል ፈጽማችሁ ታረቁ፤ የቤቱም ነገር ያን ጊዜ ያልቃል» አላቸው። ሴቲቱ ዝም አለች። ከስብሰባው በኋላ ለካቴኪስቱ ሚስት እርሱ እንደሚመታት ነገረቻት። ካቴኪስቱ በሚቀጥለው ቀጠሮ ምን ሊናገር ይገባዋል?